አንድ የቤት ቁጥር ለስንት ሰው?

ባለፈው ክረምት ነው። ከእንጦጦ መንገድ ገባ ብሎ፣ እዚሁ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ያላቸው ሸማኔ ጎረቤቴ አንድ ካሜራ በካርቶን ታቅፈው መጡ። «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ይኼ የኢንተርኔት ነገር አይጠፋህም» አሉኝ። መቼም በእኛ ሰፈር ጋዜጠኛ ነው የተባለ ሰው ከፍርድ ቤት ማመልከቻ እስከ ቴሌቪዥን ሪሞት የማያውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም። ካሜራውን የላከችላቸው ዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው ናት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ካሜራው ሱቁ ውስጥ ይሰቀላል፤ ልጅቷ እዚያው ሆና ሱቁንም ሽመናውንም ታያለች፤ የሐበሻ ቀሚስ ያዘዘቻትን ደንበኛዋንም «ይኸው፣ ያንቺው ጥበብ እየተሠራ ነው» ብላ ታሳያለች።

ቴክኒሽያን ጠራን። ካሜራውን ሰቀለ፣ ገመዱን ዘረጋ፣ ስልኩን አውጥቶ ነካካ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ሪል አይፒ የለዎትም።»

«ምኑን ነው የሌለኝ?»

«ሪል አይፒ። ይኼ ያለዎት የእርስዎ አይደለም፣ የጋራ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «በየወሩ የምከፍለው እኔ ነኝ። እንዴት አድርጎ ነው የጋራ የሚሆነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሰውየው ግን የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልሱን ፍለጋ ስገባ ደግሞ ነገሩ ከካሜራም ከሽሮ ሜዳም የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ ሁሉ አድራሻ ያስፈልገዋል። አድራሻው ቁጥር ነው፤ አይፒ አድራሻ ይሉታል። አብዛኛው ሰው እስከዛሬ የሚገለገልበት አይፒ ቨርዥን 4 የሚባለው ዓይነት በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የዓለም ሕዝብ ደግሞ ከ8 ቢሊዮን በላይ ሆኗል። አንዱ ሰው ስልክም፣ ላፕቶፕም፣ ቴሌቪዥንም፣ ካሜራም ያገናኛል። ሒሳቡ ከመጀመሪያው አይመጣም።

እጥረቱ ገና ከሩቅ ሲታይ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 (እኛ 1986 ዓ.ም. ላይ ሳለን መሆኑ ነው) ኬልድ ኢጌቫንግ እና ፖል ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች አንድ ብልሃት ጽፈው አቀረቡ። አንድ ግቢ ሙሉ ኮምፒውተር በአንድ የውጭ ቁጥር ይጠቀም፤ በር ላይ የተቀመጠው መሣሪያ የውስጡን ቁጥር እያወለቀ የውጩን ይለጥፍ፣ መልሱ ሲመጣ ደግሞ የውጩን አውልቆ የውስጡን ይመልስ አሉ። ስሙም ኔትወርክ አድሬስ ትራንስሌሽን ተባለ። ባለሙያዎቻችን በአጭሩ «ናት» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማው «ማን ናት?» ብዬ ጠይቄ ተስቆብኛል። አሁን ሳስበው ግን ጥያቄዬ አላሳፈረኝም። የዚህ ነገር ዋናው ጣጣ «ማን ናት? ማን ነው?» የሚለው ነውና።

ሁለቱ ሰዎች በጽሑፋቸው ይህ ለአጭር ጊዜ የሚሆን መፍትሔ ነው ብለው በግልጽ አስፍረዋል። ዘላቂው እስኪመጣ ማስታገሻ ማለታቸው ነው። «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል እኛ አዲስ አበቤዎች አሳምረን እናውቀዋለን። ጊዜያዊ ተብሎ የተወጠረ ሸራ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ቆርቆሮው ጭቃ ይመረግበታል፣ ከዚያ ልጅ ይወለድበታል፣ ልጁም ያገባበታል። ማስታገሻውም ይኸው ከ30 ዓመት በላይ ሆነው።

በየቤታችሁ ራውተር ውስጥ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር አይታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ለግቢ ውስጥ አገልግሎት ከተለዩት ቁጥሮች አንዱ ነው፤ በ10 የሚጀምሩትም እንደዚያው። እነዚህ ቁጥሮች ከአጥር ውጭ ዋጋ የላቸውም። ያንኑ ቁጥር ጎረቤታችሁም፣ ቶኪዮ ያለ ሰውም ይጠቀምበታል።

እስከዚህ ድረስ ባልከፋ። አጥሩ የራሴ፣ በሩም የራሴ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን እንግዳ ወደ የትኛው ክፍል እንደማስገባ ራውተሬን ማዘዝ እችላለሁ። የከፋው የመጣው አቅራቢዎቹ ራሳቸው ከግቢያችን አጥር ውጭ ሌላ ትልቅ አጥር ሲያጥሩ ነው። ሰፈሩን፣ ወረዳውን፣ አንዳንዴም ከተማውን አንድ ላይ ከበው በጥቂት የውጭ ቁጥሮች ያስወጡታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ ብቻ በ100.64 የሚጀምሩ ቁጥሮች ተመድበዋል። የዚያኛው በር ቁልፍ እኔ ጋ የለም፤ ሸማኔው ጋም የለም።

የእናንተም እንደዚያ መሆኑን ማወቅ ብትፈልጉ አያስቸግርም። ራውተራችሁን ከፍታችሁ ከአቅራቢው የተሰጠውን የውጭ ቁጥር ተመልከቱ። ከዚያ የኢንተርኔት አድራሻችሁን ከሚነግሩ ድረ ገጾች በአንዱ የሚታየውን ቁጥር አስተያዩት። ሁለቱ ካልገጠሙ፣ ወይም የራውተሩ ቁጥር በ10 ወይም በ100.64 ከጀመረ፣ እናንተም የጋራ ናችሁ። የእኔ በ10 ነው የሚጀምረው።

ልጅ ሆኜ ግቢያችን ውስጥ ስልክ የነበራት አከራያችን ቤት ብቻ ነበረች። እንደ ደግነቷ እንደውልባታለን። ከክፍለ ሀገር አክስቴ ስትደውል ግን ነገሩ ሌላ ነው። አከራይዋ ከደበራት «የለም» ትላለች፤ ከቀናት አንድ ቀን ከፈለገች ትጠራናለች። መደወል እንችል ነበር፤ የሚደወልልን ሰዎች ግን አልነበርንም። የዛሬው የጋራ አድራሻም ይኸው ነው። ወጥተን ዩቲዩብ እናያለን፣ ፌስቡክ እንከፍታለን፣ ከውጭ ዕቃ እናዛለን። ከውጭ ግን በራችንን የሚያንኳኳ የለም፤ የትኛው በር እንደሆነ የሚያውቅ የለማ! የሸማኔው ካሜራ እምቢ ያለው በዚህ ነው። ልጅቷ ከዋሽንግተን ስታንኳኳ የምትደርሰው በአቅራቢው ትልቅ አጥር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው መሣሪያ ደግሞ ካሜራው የማን እንደሆነ አያውቅምና ይጥላታል። አንድ ወጣት ቤቱ ሆኖ ትንሽ ሰርቨር ልክፈት፣ ለትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላቁም፣ ለሱቆች የሒሳብ ፕሮግራም ላከራይ ቢል ያው ነው። ሸማች መሆን ይችላል፤ ሻጭ ልሁን ሲል ነው በሩ የሚዘጋበት።

የገንዘቡን ነገርማ ተዉት። ሸማኔውና እኔ ወደ አቅራቢው ቢሮ ሄደን (የማን እንደሆነ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም) የራሳችን ቋሚ ቁጥር ጠየቅን። «የድርጅት ደንበኛ ሲሆኑ ነው፤ ወርሃዊ ተጨማሪም አለው» ተባልን። ሸማኔው ስንቱን ነጠላ ሸጠው እንደሚከፍሉት በጣታቸው ማስላት ጀመሩና መሐል ላይ ተዉት።

ጣጣው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንዱ የውጭ ቁጥር 65 ሺህ 536 ፖርት አለው፤ የባንክ ቤት መስኮት ቁጥር በሉት። ዛሬ አንድ ድረ ገጽ ስንከፍት አንድ መስኮት ብቻ አይደለም የምንይዘው፤ ለሥዕሉ፣ ለማስታወቂያው፣ ለምኑ ለምናምኑ እያለ አሥርም ሃያም ይይዛል። አንዱን ቁጥር ሺህ ሰው ከተካፈለው ለአንዱ የሚደርሰው 65 መስኮት ነው። ከዚህ ላይ የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ አስቡት። የጃፓን ባለሙያዎች መስኮቱን እየቀነሱ የኢንተርኔት ካርታ ሲከፍቱ ካርታው እየተቦደሰ፣ አንዱ ሰፈር ታይቶ ሌላው ነጭ እየሆነ እንደሚቀር አሳይተው ነበር። እኛ ግን ካርታው ሲቦደስብን «ኔትወርክ የለም» ብለን ስልካችንን ወደ ሰማይ እናነሳለን።

ደግሞ የጎረቤት ኃጢአት አለ። ተከራይ የሆነ ሰው የጋራ ቆጣሪን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። ምጣድ የሚጥደው አንዱ፣ ሒሳቡ የሚወጣው በሁሉም። ቆጣሪው ሲቆረጥም የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። በኢንተርኔቱም አንዱ የአድራሻ ተጋሪ ስፓም ቢበትን፣ ወይም ስልኩ ቫይረስ ይዞ ሳያውቅ ቢበትን፣ የሚታገደው ቁጥሩ ነው። እኔ ለምሠራው ጽሑፍ አንድ መረጃ ልፈልግ ስል የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ፣ አውቶብስ ምረጥ እየተባልኩ ሮቦት አለመሆኔን በቀን ስንት ጊዜ እንደማስመሰክር እኔ ነኝ የማውቀው። አንዳንዱ ገጽ ጭራሽ «ከእርስዎ አድራሻ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ታይቷል» ብሎ ይዘጋብኛል። ምን አደረግሁ? ምንም። ማን አደረገ? አይታወቅም።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 መግቢያ ላይ አንድ የዊኪፒዲያ አስተዳዳሪ የሚያበላሽ ሰው ላግድ ብሎ አንድ ቁጥር ዘጋ። ያ ቁጥር ለካ የኳታር ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወጣበት ቁጥር ነበር! በአንድ ባለጌ ጥፋት አገር ታገደ። ኳታር ሀብታም አገር ናት፤ ነገሩም የዓለም ዜና ሆኖ ቶሎ ተነሳላት። የሽሮ ሜዳ ሰው ቢታገድ ማን ዜና ያደርገዋል?

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያዛል። ጥሩ። ከዚህ ቁጥር ይህ ጽሑፍ ተለጠፈ፣ ከዚህ ቁጥር ይህ ገንዘብ ተጭበረበረ ተብሎ ፖሊስ ይመጣል እንበል። ቁጥሩን በዚያች ደቂቃ መቶ ሰው፣ ምናልባትም ሺህ ሰው ይዞታል። ትክክለኛውን ሰው ለመለየት ቀኑና ሰዓቱ ብቻ አይበቃም፤ ሰከንዱና የፖርቱ ቁጥር ጭምር በአቅራቢው መዝገብ ላይ መኖር አለበት፤ የተጎዳው ድረ ገጽም ያንኑ ፖርት መዝግቦ መገኘት አለበት፤ የሁለቱም ሰዓት በሰከንድ መግጠም አለበት። ብዙ ድረ ገጾች ደግሞ ቁጥሩን እንጂ ፖርቱን አይመዘግቡም። የሚሊዮኖችን እያንዳንዷን ግንኙነት በሰከንድ መመዝገብም ተራራ የሚያህል ማከማቻ የሚበላ ሥራ ነው። አንዲት ዝንፍ ካለች እገሌን ፍለጋ የወጣው ፖሊስ የእገሊትን በር ይመታል።

ጋዜጠኛ ስለሆነ አጋነነ እንዳትሉኝ፣ የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ ጉዳይ አደባባይ አውጥቶታል። ለጋዜጦች የበተነው መግለጫ ርዕስ፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ የአይፒ አድራሻህን ከወንጀለኛ ጋር እየተጋራህ ይሆን የሚል ጥያቄ ነበር። ወንጀለኛው ጠፋብን፣ ንጹሐንም ያለጥፋታቸው ይጠረጠራሉ ነው ያለው። ቤልጅየም ከዚያ አስቀድማ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአቅራቢዎቿ ጋር ተስማምታ አንድን ቁጥር ከ16 ደንበኛ በላይ እንዳይጋራው አድርጋለች። አሥራ ስድስት! በእኛ አገር ስንት ነው? አንድ ቁጥር ለስንት ሰው እንደሚታደል ለሕዝብ ሲነገር እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ የሰማ ካለ ይጻፍልኝ።

«እንዲያውም ከብዙ ሰው ጋር መደባለቁ ለእናንተ ለጸሐፊዎች መደበቂያ አይሆንም ወይ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ከውጭው ድረ ገጽ ዓይን እውነት ነው፣ ትንሽ ይደብቃል። መዝገቡን ከያዘው ግን አይደብቅም። የግቢው ሰው ሁሉ አንድ መልክ የሚመስለው ለመንገደኛ ነው፤ አከራዩ ግን ስማችንን ያውቃል። ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በራሴ ቁጥር ብወጣ ኖሮ «ያ ቁጥር የእኔ አይደለም» ብዬ መከራከር እችል ነበር። በጋራ ቁጥር ስወጣ ግን እኔን የሚከስሰውም እኔን ነጻ የሚያወጣውም አንድ መዝገብ ነው፤ እሱም በአቅራቢው እጅ ብቻ ነው ያለው። እኔ ግልባጭ የለኝም። ጠበቃዬም የለውም። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቢሳሳት የሚያውቅልኝ የለም።

ይህ በሌላ አገር የቴክኒክ ወሬ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ በኮምፒውተር ግንኙነትን በሚስጥር የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ራሱ በሽብር ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከፊሎቹ ክሳቸው ተነስቶ በ2007 ሲለቀቁ የቀሩት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ነጻ ለመባል ስንት ወር ፈጀ? ስለዚህ በአንድ የአድራሻ ቁጥር ላይ ሰው የሚጠረጠርበት ቀን ከመምጣቱ በፊት ማስረጃው ምን መሆን እንዳለበት ቢጻፍ ጥሩ ነው። አድራሻ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም የሚል አንድ መስመር መመሪያ ማውጣት ለሚመለከተው ክፍል የሚያቅት አይመስለኝም።

አንዳንድ ባለሙያዎች ደግሞ «ናት ጥበቃ ነው፣ ሰብሮ ገቢ እንዳያገኛችሁ ይሸሽጋችኋል» ይላሉ። የቤት ቁጥር የሌለው ቤት ዘበኛ አለው ማለት ነው? ዘበኛ ዘበኛ ነው፤ ፋየርዎል ይባላል፣ ራሱን ችሎ ይቀመጣል። የጠፋ አድራሻ ሌባን ብቻ ሳይሆን እንግዳንም ነው የሚያስቀረው። ደግሞም ሌባው ዛሬ የሚገባው በር አንኳኩቶ አይደለም፤ እኛው ራሳችን ጠቅ ባደረግነው ሊንክ ጠርተነው ነው።

በነገራችን ላይ መሥሪያ ቤቶቹም ከዚህ ጣጣ አያመልጡም። ሚኒስቴሮቻችን በየጊዜው ይዋሃዳሉ፣ ተመልሰው ይለያያሉ። ሁለት መሥሪያ ቤት በውስጡ ያንኑ በ10 የሚጀምር ቁጥር ሲጠቀም ኖሮ በአዋጅ አንድ ሁን ሲባል፣ እዚያም አንድ ቁጥር እዚህም ያው ቁጥር ይሆንና ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ መገናኘት ያቅታቸዋል። ወይ ሁሉንም ቁጥር እንደገና ማደል ነው፣ ወይ በናት ላይ ሌላ ናት መደረብ። በጥድፊያ ጊዜ የሚመረጠው የትኛው እንደሆነ መቼም አትስቱትም።

ለመሆኑ ቁጥሩ ለምን አነሰን? አንዱ ምክንያት የዓለም ዝርፊያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ግማሹን ለአማዞን ሸጠ። ለመላው ኢትዮጵያ የተመዘገበው ቁጥር ሚሊዮን አይሞላም። ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ ደንበኞቼ ከ80 ሚሊዮን አልፈዋል ብሏል። ግማሹ ብቻ ኢንተርኔት ይጠቀማል ብንል እንኳ አንዱ ቁጥር ቢያንስ ለአርባ ሰው ነው።

ሌላው ምክንያት ግን የራሳችን ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት እዚህ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካን ቁጥር የሚያድለው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ሲጀምር ጎተራው ሞልቶ ነበር። ከ2013 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ሲሸልስ የተመዘገበ አንድ የግል ኩባንያ ብቻውን ከ6 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ከዚህ ጎተራ ወሰደ፤ ብዙውንም ከአፍሪካ ውጭ ያከራየዋል ተብሎ ከአፍሪኒክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በፍርድ ቤት ሲካሰሱ ኖረዋል። ጎተራው ሲራቆት፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ በአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ከፍተኛው 1 ሺህ 24 ቁጥር ሆነ። ጎተራው ሙሉ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቅራቢው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የመንግሥት። ሳፋሪኮም እዚህ በይፋ ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ተቀናቃኝ የሌለው አቅራቢ ለነገ ቁጥር ለመሰብሰብ ምን ይገፋዋል? ጠይቆ ተከልክሎ እንደሆነ ይንገረን። ሳይጠይቅ ቀርቶ እንደሆነም ማን እንዳሸለበ ይነገረን።

መውጫው ተዘግቶ ቢሆን ማላዘን ብቻ ይሆን ነበር። አልተዘጋም። አይፒ ቨርዥን 6 የሚባለው አዲሱ አድራሻ በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተጽፎ አልቋል፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 2012 ዓለም አቀፍ ማስጀመሪያም ተደርጎለታል። የቁጥሩ ብዛት 340 ተጽፎ ከኋላው 36 ዜሮ የሚደረደርለት ነው፤ ለእያንዳንዱ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መወርወሪያ ሳይቀር ይበቃል። ሕንድ ከእኛ አሥር እጥፍ በላይ ሕዝብ ይዛ፣ በተለይ ጂዮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከገባ ወዲህ፣ ዛሬ ከግማሽ የሚበልጠው ተጠቃሚዋ በዚሁ አዲስ አድራሻ ነው የሚሠራው። አሮጌ መሣሪያ መቀየር አለበት፣ ሠራተኛ መሠልጠን አለበት፣ ሁለቱን አድራሻ ለዓመታት ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈልጋል፤ ቀላል ነው አላልኩም። ነገር ግን ለናት የሚገዛው ውድ መሣሪያና የመዝገቡ ማከማቻም በነጻ አይመጣም። ለማስታገሻው በየዓመቱ የሚከፈለው ብር ለመድኃኒቱ ቢውል ምን ነበረበት?

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው አቅራቢዎችን እንዲቆጣጠር ነው። አንድ ቁጥር ለስንት ደንበኛ እንደሚታደል አቅራቢዎቹን አስገድዶ ያሳውቀን። ጣሪያም ያበጅለት። አዲሱን አድራሻ መቼ ለየቤቱ እንደሚያደርሱ ቀን ያስቆርጣቸው። ትንሽ ነጋዴ የራሱን ቋሚ ቁጥር በአቅሙ የሚያገኝበትን ታሪፍ ይመልከትልን። ደንበኛው ስለራሱ የተያዘውን መዝገብ ጠይቆ የሚያይበት መንገድም ይኑር።

የሸማኔው ካሜራ አልወረደም። ቴክኒሽያኑ በኋላ መላ ፈጠረለት፦ ካሜራው ራሱ ወጥቶ የውጭ አገር ኩባንያ ሰርቨር ላይ ይለጥፋል፤ ልጅቷም ከዚያ ላይ ታያለች። በየወሩ ክፍያ አለው፤ የሱቃቸው ሥዕል የማን አገር ሰርቨር ላይ እንደሚያድር ሽማግሌው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ክፍያው ሳይታደስ ቀርቶ ተቋረጠ። ልጅቷ ከዋሽንግተን ለእኔ ደወለችልኝ፣ እኔም ሱቁ ድረስ ሄጄ በስልኬ ቪዲዮ አነሳሁላት። ሸማኔው ዕቃቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው «ደርሷታል?» አሉኝ። «እየላከ ነው ጋሼ» አልኳቸው፤ እዚያው በር ላይ ቆሜ፣ ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ።